ያረጀ ኮምፒውተር ሞቷልን?
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተነገረ ንግግር



 የመረጥነው አርእስት ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ይኸውም በዕቃ ግምጃ ቤታችን አቧራ ለብሰው ስለ ነበሩት 6 አሮጌ ኮምፒውተሮች ነው።

እንደምታውቁት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለአንዳንዱ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። ከመካከላችን በቤቱ ኮምፒውተር ያለው ጥቂት ነው። በሒሳብ ሁላችንን የምትበልጥ አንዲት ጓደኛችን ማውዝ ስትይዝ እጅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትምህርቱን እያወቀች መሣሪያውን ባለማወቅ እንዳትወድቅ ስለ ፈራን ተሰብስበን ተመካከርን።

አንዳንዶቻችን ገንዘብ አዋጥተን አዲስ እንግዛ አልን። ነገር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው 1 ዶላር ከ100 ብር አልፏል፤ የኮምፒውተርም ዋጋ ተከትሎት ወጣ። ያዋጣነው የአንዱን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ቆራሌው ሊወስዳቸው የተዘጋጁት 6ቱ ትዝ ያሉን ያን ጊዜ ነው።

ተቃዋሚም አልጠፋም። «ሌላው የጣለውን ለእኛ ይበቃል ማለት ውርደት ነው» ያለ ነበር። ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 በዓለም የተጣለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ደርሷል፤ በስጦታ ስም ወደ አፍሪካ የሚላክ ቆሻሻም አለ። የእኛዎቹ ግን፥ ከአንዱ በቀር፥ በዚሁ ትምህርት ቤት ታላላቆቻችንን ያስተማሩ ናቸው። ስለ አንዱ በኋላ እንናገራለን።

ሰፈራችን ላንቻ ስሙን ከኢጣልያኑ የመኪና ፋብሪካ ከላንቺያ እንዳገኘ ይነገራል። በጋራዥ መኪና ሲቆም አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምኑ ነው የተበላሸው?» ነው። ኮምፒውተር ሲቆም ግን ሰው ሁሉ «አዲሱ ስንት ነው?» ይላል። እኛም የጋራዡን ጥያቄ ለመጠየቅ ቆረጥን።

ከፍተን ብናይ መጀመሪያ ያገኘነው አቧራ ነው። አቧራው ማራገቢያውን አንቆ ይዞት ስለ ነበር ኮምፒውተሩ ይግልና ይጠፋል። 2ቱ ጨርሶ አልነሣም ያሉት ራሙ ስለ ቆሸሸ ነበር፤ ጥርሱን በላጲስ ብናሸው ተነሡ! ሦስተኛው በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ወደ ድሮ ዘመን ይመልሰው ስለ ነበር ድረ ገጾች አይከፈቱለትም፤ ሕመሙ ሳንቲም የምታህል የ3 ቮልት ባትሪ ማለቅዋ ነው። ለቀሩት ዘገምተኞች ባዋጣነው ገንዘብ ከመርካቶ አነስተኛ ኤስኤስዲ ገዝተን በሀርድ ዲስኩ ቦታ ተከልን። ሀርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሰሌዳ ስላለው ይዘገያል፤ ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ልዩነቱን ያላየ አያምነውም።

የቀረው ፕሮግራሙ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመምጣታቸው በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ማሽኖች አይቀበልም። ስለዚህ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንትን ጫንን። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ያን ጊዜ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ዕድሜውም 21 ዓመት ነበር፤ ከእኛ የሚበልጠው በ3 ዓመት ብቻ መሆኑን ስናስብ ትንሽ አፈርን፥ ትንሽም ደፈርን። በእርሱ ላይ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ በኪዊክስ አማካይነትም ያለ ኢንተርኔት ዊኪፔዲያን ማንበብ ይቻላል።

አሁን ስለ 6ኛው። ከአሜሪካ የመጣ ስጦታ ነበር፥ መልኩም ከሁሉ ያማረ። በስተኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ አለው። በ115 ላይ እንዳለ የአገራችን መብራት 220 ቮልት መሆኑን ረስተን ሰካነው። እንደ ጥይት ጮኾ ጢሱ ክፍሉን ሞላው፤ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛው ችኮላ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ሳይሆን ዋናው ሰሌዳም ተቃጥሏል። ራሙን አውጥተን ለሌላው ሰጠነው። የቀረውን ግን፥ በብየዳው ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ሊኖር ስለሚችል፥ ከቆሻሻ ጋር አልጣልነውም፤ ተጠቅልሎ በግምጃ ቤት ይገኛል።

ዛሬ 4ቱ ይሠራሉ። ያቺ ጓደኛችን በምሳ ሰዓት ቦታ አትለቅልንም፤ በዚህ አቤቱታ ብናሰማ መምህራን እንዲታገሡን እንለምናለን። ወላጆች ከበዓሉ በኋላ ሊያዩዋቸው ቢፈቅዱ በቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለው ክፍል በርተው ይጠብቋችኋል። 5ኛው የጎደለው ዲዲአር 2 የተባለ ራም ብቻ ነው፤ በቤታችሁ ያረጀ ኮምፒውተር ካለ፥ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ አሳዩን።