ማጠቢያ መኪና በማይገባበት ቤት ልብስ ስለ ማጠብ

(በጎንደር ከተማ በአንድ ክፍልና በጋራ ሕንፃ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ስለ ልብስ አጠባ ነው። ይህን ስንል ከመካከላችሁ አንዳንድ እናቶች ፈገግ ሲሉ አየን፤ እውነታቸውን ነው። እኛ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የምንገኝ የጤና መኰንኖች ነን፤ እናንተ ግን እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ጋቢ በእግራችሁ ስትረግጡ የኖራችሁ ናችሁ። ስለዚህ ነጠላ እንዴት እንደሚነጣ ልናስተምራችሁ አልመጣንም፤ ድፍረት ይሆንብናል። የመጣነው ቤት ለቤት ስንዞር ያየነውን አንድ ነገር ልንነግራችሁ ነው፤ ይኸውም በጠባብ ቤት ውስጥ ሰውን የሚጐዳው ልብስ ማጠቡ ሳይሆን ማድረቁ መሆኑን ነው።

ብዙ ሰዎች «ማጠቢያ መኪና ቢኖረን ይህ ሁሉ ድካም አይኖርም ነበር» ይሉናል። እኛም እንዲኖራችሁ እንወዳለን። ነገር ግን በተለምዶ የሚሸጠው መኪና ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የእንጀራ ምጣድና የውኃ በርሜል ባሉበት አንድ ክፍል ውስጥ የት ይቀመጣል? ቢቀመጥስ በኃይል የሚመጣ ውኃ፣ የማይቋረጥ መብራትና የእድፍ ውኃ ማስወገጃ ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ልብሱን ከነሳሙናው ይዞ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል።

የመኪናው ሥራ አራት ነው፤ ይዘፈዝፋል፣ ያሻል፣ ያለቀልቃል፣ ይጨምቃል። ሦስቱን እጅና ሳፋ ከመኪናው እኩል ይሠሩታል፤ አንዳንዴም የአንገትጌና የእጅጌ እድፍ ሲሆን እጅ ይበልጣል። በአራተኛው፣ በመጭመቁ ግን መኪናው ይበልጠናል። ልብሱን እያሽከረከረ ውኃውን ስለሚያወጣው ሲወጣ ከፊል ደርቆ ነው። በእጅ የተጨመቀ 5 ኪሎ ልብስ ግን ሦስት አራት ሊትር ውኃ እንደ ያዘ ይሰቀላል። ይህ ውኃ የት ይሄዳል? ልብሱ በቤት ውስጥ ከተሰቀለ ወደ ቤቱ አየር፣ ከዚያም ወደ ግድግዳው፣ ወደ ፍራሹና ወደ ልጆቹ ደረት ይሄዳል። ግድግዳው ሻጋታ ያወጣል፤ አስም ያለበት ልጅ ሌሊት ሲያስል ያድራል። ይሄ እንግዲህ ትንሹ ጉዳት ነው።

ትልቁን ለማስረዳት በራሳችን የደረሰውን እንናገር። ተማሪዎች ሳለን ለመስክ ልምምድ ወጥተን ሦስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራየን። ወሩ ሐምሌ ነበረ። እሑድ ማታ ነጭ ካፖርቶቻችን እንደ ረጠቡ ናቸው፤ ሰኞ ጧት ደግሞ ሳንለብሳቸው መቅረብ አይቻልም። ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረን ሰቀልናቸውና ከሥራቸው የከሰል ማንደጃ አስቀመጥን። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ነው ያስገባነው፤ ጠንቃቆች ነን እኮ! ብርድ ስለ ነበረ በሩንም መስኮቱንም ዘግተን ተኛን። ሌሊት ከመካከላችን አንዱ ለሽንት ሲነሣ በሩ ሥር ወደቀ። የቀሰቀሰን የመውደቁ ድምፅ ነው። ራሳችን ሊፈነዳ ደርሷል፤ ጕልበታችን አይታዘዝም፤ እየዳኽን በሩን ከፍተን ውጭ ዝናብ ላይ ተቀምጠን አስመለሰን። እርሱ ለሽንት ባይነሣ ኖሮ ይህን ንግግር የሚያደርጉላችሁ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ከሁሉ የሚያሳፍረን ደግሞ ከዚያ ቀደም በፈተና ተጠይቀን በትክክል የመለስነው ነገር መሆኑ ነው።

ከሰል ቀይ ፍም ሆኖ ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ዓይን አያቃጥል፤ በደም ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይነጥቃል። የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድለዋል። ስለዚህ «ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» የሚለው ልማድ ትልቅ ስሕተት ነው። ልብስ ለማድረቅም ሆነ ቤት ለማሞቅ ከሰል ወደ መኝታ ቤት አይግባ፤ መስኮት በጥቂቱ መክፈትም ዋስትና አይሆንም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጕልበት መክዳት በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ሲይዝ ከሰሉን ጠርጥሩ። ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጡና፣ የተሻላቸው ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ በተለይ እርጕዝ ሴትና ሕፃን ካለ ፈጽሞ አትዘግዩ።

ታዲያ ልብሱ በምን ይድረቅ? መልሱ ከመጭመቁ ይጀምራል። ጋቢና ብርድ ልብስ በአንድ ሰው እጅ አይጨመቅም፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ በተቃራኒ መጠምዘዝ አለበት። ቀለል ያለውን ልብስ በደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ጠቅልሉትና በእግራችሁ ርገጡት፤ ፎጣው የሚጠጣውን ውኃ ስታዩ ትገረማላችሁ። ከዚያም ወዲያው ወደ ገመዱ አይሂድ። አንድ ሰዓት ያህል በሳፋው ላይ ወይም በመታጠቢያው ቦታ ይንጠባጠብ። ገመዱ ላይ ሲወጣ በሁለቱ ልብሶች መካከል አንድ ጭብጥ ያህል ክፍተት ይተው፤ የጂንስ ሱሪ ተገልብጦ ኪሶቹ ወደ ውጭ ይውጡ። በቤት ውስጥ መስቀል ግድ ከሆነ ቀን፣ በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ከመኝታ ራቅ ብሎ ይሁን። ጥቂት እርጥበት የቀረበትን ካውያ ይጨርሰዋል።

በክረምት በአገራችን ደጋ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ልብሱን ማታ ዘፍዝፎ ማደርና ጧት በማለዳ አጥቦ ማስጣት ይሻላል። ደግሞም ሳምንት ሙሉ የተከመረውን ልብስ በአንድ ቀን ማጠብ ሰፊ ግቢ ለነበራቸው አያቶቻችን የሚስማማ ልማድ ነው፤ ባለ አንድ ክፍል ቤት ያን ሁሉ የሚሰቅልበት ገመድ የለውም። ዛሬ የልጆቹን ካልሲና የውስጥ ልብስ፣ ነገ ሁለት ሸሚዝ፣ ከነገ ወዲያ አንድ አንሶላ እያሉ መክፈል ይበጃል። እርግጥ ነው፣ የውኃው ፈረቃ አለ፤ በዓላትም አሉ፤ በእሑድና በማርያም ቀን ልብስ ማጠብ በብዙ ቤት ነውር ነው። ይህን ሁሉ አስባችሁ ቀኑን የምትደለድሉት እናንተው ናችሁ።

በፎቅ ቤት የምትኖሩትን አንድ ነገር እንለምናችሁ። ከላይ የሚንጠባጠበው ውኃ የታች ጎረቤት የደረቀ ልብስ ላይ እያረፈ ስንት ጠብ እንዳነሣ እናንተ ታውቃላችሁ። መንጠባጠቡ በሳፋው ላይ ካለቀ ጠቡም ያልቃል። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ግቢ ለዕርድ፣ ለልብስ አጠባና ይህን ለመሰለው ሥራ የሚሆኑ የጋራ ቤቶች አብረው ተሠርተዋል። የእናንተም ኮሚቴ ከግቢው ፀሓይ የሚያገኘውን አንድ ጥግ ለገመድ ብቻ ቢለይ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ገመድን ካነሣን አይቀር፣ ወንዶች ባሉበት አይነገርም የሚባለውን እንናገር። በአንድ ክፍል ከአባቷና ከወንድሞቿ ጋር የምትኖር ልጅ የወር አበባዋን ጨርቅ የት ታድርቀው? ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ «ከፍራሽ ሥር» የሚል ነው። ሳይደርቅ ተመልሶ የሚታሰር ጨርቅ ይሸታል፤ ቆዳን ያሳክካል፤ ያቆስላል። ጨርቁ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ ሙቅ ውኃ ደሙን ያጣብቀዋል። ቀጥሎ በሳሙና ታሽቶ በደንብ ይለቅለቅና ፀሓይ ላይ ይውጣ። የምታፍር ከሆነ ስስ ነጠላ ከላይ ይጣልበት፤ ፀሓይና ነፋስ ያልፍበታል። ከገመዱ አንዱ ጫፍ የርሷ ይሁን፤ እኛ ወንዶች ደግሞ ከነጠላው ሥር ያለውን አንጠይቅ።

በጠባብ ቤት ብዙ ሰው አብሮ ስለሚተኛ የታመመ ሰው ልብስ መለየት አለበት። ቅማል ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ያስተላልፋል፤ መኖሪያውም የልብሱ ስፌት ነው። ቅማሉም እንቍላሉም በሚፋጅ ውኃ ይሞታሉ፤ 54 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ይበቃል፤ የፈላ ውኃማ ከዚህ በጣም ይበልጣል። እከክም ሲገባ ከቤት ሰው ሁሉ ጋር ሕክምናው በአንድ ቀን ይወሰድና ልብሱና አንሶላው በዚያው ቀን ይታጠብ። «ብርድ ልብሱን በየት በኩል አጥበን የት እናድርቀው?» ለምትሉ መላ አለ፤ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ ቋጥሩት። የእከክ ነፍሳት ከሰው ገላ ተለይተው ከሁለት ሦስት ቀን በላይ እምብዛም አይኖሩምና አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ለቅማል ግን እንቍላሉ እንዳይተርፍ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ይህ ዘዴ ውኃም ገመድም አይፈልግም። የፊት ፎጣ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ይሁን፤ በክልላችን ብዙ ዓይን ያጠፋው ትራኮማ በአንድ ፎጣ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። የኮሌራ በሽተኛ አንሶላ ደግሞ 5 ደቂቃ ይፍላ፤ አጠባውም ከጕድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይሁን።

በረኪናን በሚመለከት ጥቂት እንበል፤ ጠባብ ቤት ውስጥ አደገኛ የሚሆንበት ምክንያት አለና። ሽንት ያለበትን የሕፃን ጨርቅ ሳታለቀልቁ በረኪና አታፍሱበት፤ በሽንቱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ተዋሕዶ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋርም አትቀላቅሉት። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገዝታችሁ አልጋ ሥር አታስቀምጡ፤ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም። ከጠጣ በግድ አታስመልሱት፤ አፉን አጕመጥምጣችሁ ከነጠርሙሱ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ውኃ ሲጠፋ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ልብስ ይዞ መውረድ እስካሁን አለ። ቀስ ብሎ በሚሄድና ቀንድ አውጣ ባለበት ውኃ ውስጥ ረዥም ሰዓት መቆም ቢልሃርዝያ ሊያስይዝ ይችላል። እግረ መንገዳችንን፣ እናቶቻችን በእንዶድ ማጠባቸውን አንናቅ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው እንዶድ የበሽታውን አስተላላፊ እንደሚገድል ለዓለም ያስታወቁት። ዓሣንም እንደሚገድል ግን አይዘንጋ።

አሁን ውኃ እንዴት እንደሚቈጠብ በሥራ እናሳያችሁ። ይህ ሸሚዝ ከተጨመቀ በኋላ አንድ ሊትር የሳሙና ውኃ ይዟል እንበል። በ10 ሊትር ውኃ አንድ ጊዜ ቢለቀለቅ ከሳሙናው 11ኛው እጅ ይቀርበታል። ያንኑ 10 ሊትር 5 በ5 ከፍለን፣ በመካከሉ ጨምቀን ሁለት ጊዜ ብናለቀልቀው ግን የሚቀረው 36ኛው እጅ ብቻ ነው። ውኃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ መክፈሉ ላይ ነው። የቀረ ሳሙና የሕፃንን ቆዳ ያሳክካልና ለልጆች ልብስ ይህን አትተዉ። የሁለተኛው ሳፋ ውኃ ለነገው መዘፍዘፊያ፣ የመጀመሪያው ለወለልና ለሽንት ቤት ይሁን እንጂ መንገድ ላይ አይደፋ።

ሁለቱ ሳፋዎች እዚህ አሉ፤ ጋቢውም ተዘፍዝፏል። ለመጭመቁ ሁለት ሰው ይነሣልን፤ አንደኛው ወንድ ይሁን።