ጥፋቱ በማን ስም ተመዘገበ?



ሁላችንም «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያልን ነው ያደግነው። ከሰማናቸው አንዱ የአህያዋ ተረት ነው። በድርቅ ዘመን አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ኃጢአታቸውን ሊናዘዙ ተሰበሰቡ። ሦስቱ ከብት መብላታቸውን ሲናገሩ «ይህማ ኃጢአት አይደለም» ተባባሉ። አህያዋ ጥቂት ሣር መጋጧን ስትናገር ግን «መዓቱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» ብለው በሏት።

የግሪኮችም አፈ ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ከ2,700 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ገጣሚ ሄሲዮድ፣ ፓንዶራ የተባለች ሴት የጋን ክዳን ከፍታ መከራን በዓለም እንደበተነች ይተርካል። የላካት ግን ዜውስ ነው፤ የተቆጣውም ፕሮሜቴዎስ እሳት ስለሰረቀ ነው። ጥፋቱ የተመዘገበው በእሷ ስም ነው።

ተረት የሆነውን ነገር አይዘግብም፤ ፍርዳችንን እንድንመዝን ያደርገናል። ባለፈው ዓመት ሁለት ወር መዋጮ ያቋረጠች እህታችንን ልናሰናብት ደርሰን ነበር። አንዲት እናታችን «አህያዋን ልንበላት ነው?» ሲሉን ሁላችንም ዝም አልን። መዝገቡን ብንገልጥ ትልቁ ያልተመለሰ ብድር የእኛው የኮሚቴ አባላት ሆኖ ተገኘ። ለእሷ የመክፈያ ጊዜ ሰጠናት፤ እኛም ዕዳችንን መክፈል ጀመርን።

እንግዲህ ማታ ለልጆቻችን ተረት እንንገር። ስንጨርስም «ጥፋቱ የማን ነበር?» ብለን እንጠይቃቸው።