የተጎዳ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ጥገናና የባለሙያው ኃላፊነት

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ከጌጥነት ያለፈ ቦታ አለው። ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው ምስል ለልጅ ልጅ የትውልድ ሐረግ ማስረጃ ነው፤ ሰው ሲሞትም በለቅሶው ቦታ በእጅ ተይዞ የሚለቀስበት እርሱው ነው። የፎቶግራፍ ሙያ በአዲስ አበባ ሥር ሲሰድ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቻቸው ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከዚያ ዘመን ወዲህ በየፎቶ ቤቱ የተነሡ ምስሎች በጢስ፣ በእርጥበትና በእጅ ብዛት ተጎድተው ዛሬ ወደ ባለሙያው ይመጣሉ። ብዙዎቹ ኔጋቲቫቸው የጠፋ፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው ናቸው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መመልከት ይበቃል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት የሽብር ዓመታት የተገደሉ ሰዎች ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ተደርድሯል። መቃብሩ ላልታወቀ ልጅ ጉርድ ፎቶግራፉ የመቃብሩን ድንጋይ ያህል ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ምስል ለጥገና ሲቀርብ ባለሙያው እጁን እስከ የት ድረስ ሊሰድ ይገባዋል? የዚህ ንግግር መልስ አጭር ነው፤ የተጎዳውን ወረቀት መጠገን ይቻላል፣ የጠፋን ፊት መፍጠር ግን ጥገና ሊባል አይችልም።

ሥራው የሚጀመረው ከኮምፒዩተሩ በፊት ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ምስል የቆመው ጄላቲን በተባለ ስስ ሽፋን ውስጥ ባሉ የብር ቅንጣቶች ነው። ጄላቲን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ፎቶግራፍ ምስሉን ከጨርቁ ጋር ሊሰጥ ይችላል። ከመስተዋት ጋር የተጣበቀውን በኃይል ከማላቀቅ ከነመስተዋቱ በስካነር ማንበብ ይሻላል። የተቀደደውም በፕላስተር ሳይለጠፍ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ተደርገው ይነበባሉ። ጀርባውም አይዘነጋ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ዓመተ ምሕረቱና «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈው ቃል ከፊተኛው ገጽ ያላነሰ ዋጋ አላቸው።

ሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ ሲነበብ ወደ 1417 በ1890 ፒክስል ይሰጣል፤ ይህም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 12 በ16 ሴንቲ ሜትር ያህል ምስል ይወጣዋል። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ንባቡ በቀለም መሆን አለበት። ቢጫ እድፍ በሰማያዊው የቀለም ክፍል ጎልቶ ሲታይ በቀዩ ክፍል ይደበዝዛል፤ ስለሆነም ቀዩን ክፍል መነሻ ያደረገ ባለሙያ የእድፉን ብዙ ክፍል አንድም ብሩሽ ሳያነሣ ያስወግዳል። ቀጥሎም የደበዘዘውን ብርሃንና ጥላ ያስተካክላል፤ ስንጥቁን ከአጠገቡ ካለው ገጽ በተወሰደ ቅንጣት ይሸፍናል። ይህን ሁሉ ዋናውን ምስል ሳይነካ፣ በላዩ በተነጠፈ ሌየር ላይ ይሠራል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ስለ ወረቀቱ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ፊት ላይ ሲደረስ ነው። በአንገት ላይ ያለ የማዕተብ ክር ስንጥቅ ይመስላል፤ የግንባርና የአንገት ንቅሳት እድፍ ይመስላል፤ የጉንጭ ጠባሳ ጭረት ይመስላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጨመረባቸው አዳዲስ ፕሮግራሞች እነዚህን ጠርገው ሊያነሡ፣ በጠፋውም ዐይን ምትክ ከብዙ ሰዎች ምስል የተማሩትን ዐይን ሊተክሉ ይችላሉ። የሚወጣው ፊት ጥርት ያለና ያማረ ይሆናል፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ነው። የነጠላው ጥለት ቀይ ይሁን አረንጓዴ ከጥቁርና ነጭ ምስል በርግጠኝነት አይታወቅምና፣ ቀለም መቀባቱም ከግምት አያልፍም።

«ፎቶ አንሺዎችስ ድሮ ኔጋቲቩን በእርሳስ ያስተካክሉ፣ ምስሉንም በእጅ ቀለም ይቀቡ አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ከመቅረቡ በፊትም ፊት ይለሰልስ ነበር። ልዩነቱ ግን በዚያን ጊዜ ባለምስሉ ራሱ መጥቶ ሥራውን ይረከብ ስለነበረ «ይህ እኔን አይመስልም» ለማለት መብት ነበረው። ዛሬ የሚጠገነው ምስል ባለቤት ብዙ ጊዜ በሕይወት የለም። የሚያውቁት ሽማግሌዎችም አንድ በአንድ ያልፋሉ። ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ልጅ የሚያውቀው ፊት ባለሙያው የሰጠውን ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ፊትን የሚመለከት ማንኛውም ሥራ ባለምስሉን በዐይኑ ያየ የቤተሰብ አባል በተገኘበት ቢከናወን ይገባል። ማስረጃ የሌለው ክፍል እንደ ጠፋ ቢተው ወይም በለሆሳስ ጥላ ቢሸፈን ነውር የለበትም። ለቤተሰቡም ሦስት ነገሮች በአንድነት ይሰጡ፤ አንደኛ ምንም ያልተነካው ንባብ፣ ሁለተኛ የተጠገነው ምስል፣ ሦስተኛ የትኛው ክፍል በእጅ እንደ ተሠራ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ። ዋናው ወረቀትም ምንም ያህል ቢጎሳቆል አይጣል፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ሲገኝ መመለሻው እርሱ ብቻ ነውና።

ለኀዘንተኛ እናት ያማረ ፊት ማቅረብ ቀላል ሆኗል። የባለሙያው ክብር ግን የልጇን ፊት፣ የቀረውን ያህል፣ ሳይጨምርበት በመመለሱ ላይ ነው።