የለገሃሩ አንበሳና ቀራፂው
(ካቺሲ ላይ ለተማሪዎች ያደረግነው ንግግር)



አዲስ አበባ የደረሰ ሁሉ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን ባለ ዘውድ የነሐስ አንበሳ ያውቀዋል። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል ቆመ፤ ፋሺስቶች ዘርፈው ሮማ ወሰዱት፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘው በእርሱ አጠገብ ነው፤ ከድል በኋላም ከብዙ ዓመት ቆይቶ ተመለሰ። ይህን ሁላችንም እንተርካለን። ሠሪውን ግን ማን ጠየቀ?

ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ፓሪስ ተወልዶ ዕድሜውን አራዊትን በመቅረጽ ፈጀ። መምህሩ ፍሬሚዬ የእንስሳ ሥዕል ያስተምር የነበረው አራዊት በሚጠበቁበት በፓሪሱ ዣርዳን ዴ ፕላንት ነው። ካናዳ ውስጥ በማኒቶባ ምክር ቤት ደረጃ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት የነሐስ ጎሾችም የጋርዴ እጅ ናቸው። ነሐስ ምሕረት የለውም፤ በጭቃው ላይ የተሳተ ጅማት ቀልጦ በፈሰሰው ላይም ይታያል። ስለዚህ ቀራፂ አስቀድሞ ማየት አለበት።

እኛስ? በሬ ጠምደን አድገን፥ ቀንበር ሥር የሚወጠረውን ትከሻ ስንቶቻችን ሣልነው? (ጭቃው እንደ ሆነ በነፃ ነው!) ነገ ጧት ወደ ዓባይ ገደል አፋፍ ስንሄድ ወረቀትና እርሳስ እንያዝ፤ ዝንጀሮዎቹ ቁጭ ብለው አይጠብቁንም።