በቀቀንን በቤት ስለ ማኖር
(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



ሰው ከሰማይ አዕዋፍ መካከል ለዐይኑ ያማረውንና ለጆሮው የጣፈጠውን ወደ ቤቱ አቅርቦ ለማኖር መመኘቱ ከጥንት የነበረ ጠባይ ነው። ከአዕዋፍም ሁሉ ይልቅ በቀቀን የሚባለው ወፍ ልብን ይስባል። መልኩ ያማረ ነው፤ የሰውን ቃል ተቀብሎ ይናገራል፤ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ለይቶ ያውቃል። ስለዚህ ዐቅሙ የፈቀደለት ሰው «አንድ በቀቀን ገዝቼ ላኑርን፣ ወይስ ልተው?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። የዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ የሚመለከት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የበቀቀን ወገን ከ350 የሚበልጥ ዓይነት አለው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ግን አንዱን ዓይነት ብቻ ይዤ እናገራለሁ፤ እርሱም ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ነው። ላባው ዐመድ የመሰለ፣ ጅራቱ እንደ ደም የቀላ፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ወፍ ነው። አገሩ ከምዕራብ አፍሪካ ደኖች አንሥቶ በኮንጎ ታላቅ ዱር ዐልፎ እስከ ዩጋንዳና እስከ ምዕራብ ኬንያ ይደርሳል፤ በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም። ንግግርን በማስመሰል ከሌሎቹ ስለሚበልጥ በዓለም ሁሉ የሚፈለገው ይኸው ነው።

በእኛ ዘንድ ትርጕሙን ሳያውቅ የሰማውን ብቻ የሚደግም ተማሪ በበቀቀን ይመሰላል። ይህ ምሳሌ ግን ወፉን ይበድላል። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ በ1977 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ከአንድ ሱቅ አንድ ግራጫ በቀቀን ገዝተው አሌክስ ብለው ሰየሙትና ሠላሳ ዓመት ያህል አስተማሩት። አሌክስ 50 ያህል ዕቃዎችን በስማቸው ይጠራ፣ ሰባት ቀለማትንና አምስት ቅርጾችን ይለይ፣ እስከ ስድስትም ይቈጥር ነበር። ሁለት ነገሮች ቀርበውለት የሚለያዩበት ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ቀለሙን ወይም ቅርጹን ለይቶ ይናገራል፤ ልዩነት ከሌለም የለም ብሎ ይመልሳል። በ2007 ዓ.ም. በ31 ዓመቱ ሞተ።

ይህን የምነግራችሁ ለማስደነቅ አይደለም። የሚያስብ ፍጥረት የሚሰለች፣ የሚናፍቅና የሚያዝን ፍጥረት መሆኑን ለማስገንዘብ ነው። ስለዚህ በቀቀን ለመግዛት ያሰበ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ራሱን አራት ነገር መጠየቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከወፉ ጋር የሚውለው ማን ነው?» የሚል ነው። ግራጫው በቀቀን በዱር ብቻውን አይኖርም። ቀን በየቡድኑ ተከፋፍሎ ፍሬ ሲለቅም ይውልና ማታ በመቶ፣ አንዳንድ ጊዜም በሺህ እየተሰበሰበ በአንድ ስፍራ ያድራል። በ2020 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርምር እንደሚያስረዳው፣ ግራጫ በቀቀን በምግብ የሚለወጥ ምልክት ሲሰጠውና እርሱ ራሱ ሊለውጠው ሳይችል ሲቀር፣ ሊለውጥ ለሚችለው ጐረቤቱ በቀዳዳ ያቀብለዋል፤ ይህንም የሚያደርገው በዚያን ጊዜ ለራሱ የሚያገኘው ጥቅም ሳይኖር ነው። እንዲህ ያለው ማኅበርተኛ ወፍ በሽቦ ቤት ተዘግቶበት፣ ባለቤቱ ማለዳ ወደ ሥራ ሄዶ ማታ ሲመለስ፣ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጦ ይውላል። ከዚያም ያለ ማቋረጥ ይጮኻል፤ ወይም በገዛ ምንቃሩ ላባውን እየነቀለ ደረቱን ባዶ ያደርጋል። በ2014 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ምርምርም ብቻቸውን የሚኖሩትን ግራጫ በቀቀኖች ጥንድ ሆነው ከሚኖሩት ዕኩዮቻቸው ጋር አስተያይቶ ነበር። በሕዋሳቸው ውስጥ ከዕድሜ ጋር እያጠረ የሚሄደው የዘር ክር ጫፍ ብቸኞቹ ዘንድ ይበልጥ አጥሮ ተገኘ። በስዊስ አገር በ2008 ዓ.ም. የጸናው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ በማኅበር የሚኖሩ እንስሳት ብቻቸውን እንዳይያዙ የሚያዝዘው፣ በቀቀንንም ከነዚሁ የሚቈጥረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ቤቴ ለወፉ ይስማማዋልን?» የሚል ነው። የወፍ ሳንባ አሠራሩ ከእኛ የተለየ ነው። አየር ወደ ውስጥ ሲገባም ወደ ውጭ ሲወጣም በሳንባው ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ወፍ ንጹሑን አየር በብዛት እንደሚወስድ ሁሉ መርዙንም ከሰው ቀድሞ ይቀበላል። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ ወደ ጕድጓዱ ይዘው ይገቡ የነበሩት ስለዚህ ነው፤ ወፏ ስትወድቅ መርዘኛ አየር መኖሩን ዐውቀው ይሸሹ ነበር። አሁን የየቤታችንን ልማድ እናስብ። ቡና በቤት ውስጥ ይቈላል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ የከሰል ምድጃ በዝግ ክፍል ይነድዳል። ለእንግዳው ክብር የሚሆነው ጢስ ለወፉ ሕመም ነው። ምግብ እንዳይዝ ሆኖ የተቀባው አዲሱ መጥበሻ ደግሞ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጢስ ወፍን በጥቂት ደቂቃ ሊገድል ይችላል።

የምግቡም ነገር እንደዚሁ ጥንቃቄ ያሻዋል። ብዙ ሰው በቀቀንን የሱፍ ፍሬ ብቻ እየሰጠ ያኖረዋል። ወፉ ሱፉን ይወዳል፤ ነገር ግን ቪታሚን ኤና ካልሲየም ስለሚጐድሉበት ውሎ አድሮ ይታመማል። ጐመን፣ ካሮትና ዱባ ይስማሙታል፤ ወፍ የሚያቃጥለውን ነገር የሚሰማበት ስሜት ስለሌለው ቃሪያም በደስታ ይበላል። በአንጻሩ አቮካዶ፣ ቸኮላትና ቡና ይጎዱታል፤ ለሞትም ሊያደርሱት ይችላሉ። ሌሊት ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ሰዓት ያህል በጨለማና በጸጥታ መተኛት ያስፈልገዋል፤ ቀንም ከሽቦ ቤቱ ወጥቶ ክንፉን መዘርጋት አለበት። በዱር የታመመ ወፍ ለአዳኝ ሲሳይ ስለሚሆን በቀቀን ሕመሙን የመደበቅ ጠባይ አለው፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው። የከብት ሐኪም ሁሉም የበቀቀን ሐኪም አለመሆኑን ማስታወስ ያሻል።

ለሰውም ጤንነት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ1929ና በ1930 ዓ.ም. ከደቡብ አሜሪካ ከተላኩ በቀቀኖች የተነሣ የሳንባ ሕመም በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተዛምቶ ብዙ ሰዎችን ገድሏል። ዛሬ ለዚህ ሕመም መድኀኒት አለው፤ ሆኖም ከደረቀው ኵስ የሚነሣው አቧራ በሽታውን ስለሚያስተላልፍ የወፉን ቤት ንጽሕና መጠበቅ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «እስከ መቼ?» የሚል ነው። በደኅና የተያዘ ግራጫ በቀቀን አርባና ሃምሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። የአርባ ዓመት ሰው ጫጩት ቢገዛ፣ ወፉ አርባ ዓመት ሲሞላው ባለቤቱ ሰማንያ ይሆነዋል። ልጆች ያድጋሉ፤ ቤት ይለወጣል፤ ሰው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሁሉም ሟች ነው። መሬቱንና ቤቱን ለልጁ የሚናዘዝ አባት ወፉን ለማን እንደሚናዘዝ ያስብ። በአንድ ሰው ፍቅር የታሰረ ወፍ ያ ሰው ሲለየው ኀዘኑን የሚያስረዳበት ቃል አይኖረውም፤ የሚናገረው የተማረውን የባለቤቱን ቃል ብቻ ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ «ይህ ወፍ ከየት መጣ?» የሚል ነው። አዳኞች በዱር ውስጥ አንድ የታሰረ በቀቀን ለማባበያ አስቀምጠው በዙሪያው ሙጫ የተቀባ እንጨት ይተክላሉ፤ ወገኑን ሲጮኽ ሰምቶ የመጣው መንጋ በሙጫው ይያዛል። ከዚያ ወዲያ በጠባብ ሣጥን ተጨናንቀው ሲጓዙ ብዙዎቹ ገበያ ሳይደርሱ ይሞታሉ። ስለዚህ በሱቅ የሚታየው አንድ ወፍ ከኋላው የሞቱ ወንድሞች አሉት። ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ግራጫ በቀቀኖች ከዱር ተይዘው ለዓለም ገበያ ቀርበዋል። ፍሬው ምን እንደ ሆነ ለማየት ጋናን መመልከት ይበቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው በዚያች አገር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከመቶው ዘጠና ወይም ከዚያ የሚበልጠው ጠፍቷል። ለዚህም ከአደኑ ጋር የደኑ መመንጠር ምክንያት ነው።

መንግሥታት ይህን ዐይተው ዝም አላሉም። ሊጠፉ የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ የሚገዛበት ስምምነት በ1973 ዓ.ም. በዋሽንግተን ተፈርሞ በ1975 ዓ.ም. ጸና፤ ኢትዮጵያም በ1989 ዓ.ም. ገብታበታለች። በ2016 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ በተደረገው ጉባኤ ግራጫው በቀቀን ከፍተኛ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ወገን ተመደበ፤ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ከዱር የተያዘውን ከአገር ወደ አገር አሻግሮ መነገድ ተከልክሏል። እንግዲህ ሻጩ ወፉ በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገ መሆኑን የሚያስረዳ ሕጋዊ ወረቀት ማቅረብ ካልቻለ፣ የገዢው መልስ አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ አልገዛም ማለት ነው። «ከተያዘስ ወዲያ እኔ ባልገዛው ሌላ ይገዛዋል» የሚል ሰው አለ። ነገር ግን ሻጩ አንዱን ሲሸጥ ሌላ ለማስያዝ መላኩ አይቀርምና፣ ለአንዱ የተከፈለው የርኅራኄ ዋጋ ለሚቀጥለው የሙጫ ዋጋ ይሆናል።

ከነዚህ ከአራቱ ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ በቂ መልስ ያለው ሰው አይኖርም አልልም። ሕጋዊ ወፍ የሚያገኝ፣ ሰፊ ስፍራ ያለው፣ ቢቻል ሁለቱን በአንድነት የሚያኖር፣ ቀኑን በቤት የሚውል፣ ከእርሱም በኋላ ወፉን የሚረከብ ወራሽ ያዘጋጀ ሰው ቢያኖር አይነቀፍም። ቀድሞ የገዛም ሰው ይህን ሰምቶ ወፉን አውጥቶ አይልቀቀው። በሰው እጅ ያደገ ወፍ ምግቡን መፈለግና ጠላቱን መሸሽ አልተማረምና፣ ለእርሱ ነጻነት የሚመስለው ሞት ነው። የሚሻለው አያያዙን ማሻሻል ነው። ከነዚህ ነገሮች አንዱ የሚጐድለው ሰው ግን በቀቀን ቢገዛ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ይደርስበታል፤ ልዩነቱ ዕዳውን የሚከፍለው ተበዳሪው ሳይሆን ወፉ መሆኑ ነው።

የበቀቀን ውበት ለሚናፍቅ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሌላ መንገድ አለለት። ግንባረ ቢጫው በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም በሌላ አገር አይገኝም። ክንፉ ጥቍር የሆነው ትንሹ አረንጓዴ የደጋ በቀቀንም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ነው፤ ተባዕቱ በቀይ ግንባሩ ይታወቃል፤ በአዲስ አበባም ዛፍ በበዛበት ስፍራ ይታያል። እነዚህን ከዱር መያዝ አይገባም። ነገር ግን የጽድ ፍሬና የሾላ ፍሬ ምግባቸው ነውና፣ በግቢው ጽድ ወይም ሾላ የሚተክል፣ የቆመውንም አሮጌ ዛፍ ከመጥረቢያ የሚያድን ሰው ምግባቸውንና ማረፊያቸውን ያዘጋጅላቸዋል። ወፎቹ ሲመጡ በገዛ ፈቃዳቸው ይመጣሉ፤ ሲሄዱም ማንም አይከለክላቸውም። ስሙን አይጠሩለትም፤ ጢሱ አይገድላቸውም፤ የሚጠብቃቸውንም ወራሽ መፈለግ አያስፈልገውም። ዛፉን ግን ለልጁ ያወርሰዋል።