የቲም ሕፃንን ጡት ለማጥባት የሚያግዝ መሣሪያ ስለ መምረጥ

(ለየቲም አሳዳጊ እናቶች የተደረገ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የቲም ሆነው አድገዋል፤ ሱወይባና ሐሊማ አስ-ሰዕዲያም አጥብተዋቸዋል። ስለዚህ የሌላን ልጅ ማጥባት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ያየነውን አንድ ጉዳይ እናስቀድም። አንዲት እህታችን ጨቅላ የቲም ሴት ልጅ ተቀብላ፣ በጡቷ ላይ በተለጠፈ ቱቦ የዱቄት ወተት እየመገበች አሳደገቻት። ልጅቱ ለአካለ መጠን ስትደርስ በቤቱ ወንዶች ፊት ሒጃብ ይገባት እንደሆነ ጠየቀችን። ከራሷ ጡት ወተት ወጥቶ እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር፤ የጻፈም የመሰከረም የለም። እኛም ልንመልስላት ሳንችል ቀረን። የዛሬው ንግግራችን ሌላ እናት እንዲህ እንዳትቸገር ነው።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። የቀጭን ቱቦ አንድ ጫፍ ወተት ባለበት ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ከጡት ጫፍ አጠገብ ይለጠፋል። ሕፃኑ ጡቱን ሲጠባ ከቱቦው ወተት ያገኛል፤ መጥባቱም የእናቲቱ አካል ወተት እንዲያመነጭ ያነቃቃል። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ሁሉም እናት በቂ ወተት አታገኝም።

የምንመርጠው ከሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአንገት የሚንጠለጠል ጡጦ ሲሆን የእናቲቱን እጆች ነጻ ያደርጋል፤ ነገር ግን ምትክ ቱቦ በአቅራቢያ ካልተገኘ ከንቱ ይሆናል። ሁለተኛው ኩባያና ቁጥር 8 የሆነ የአፍንጫ መመገቢያ ቱቦ ነው። በሕክምና ተቋማት ከፍተኛ የምግብ እጥረት ላለባቸው ጨቅላዎች ይሠራበታል። ኩባያው መጀመሪያ ከጡቱ ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይያዛል፤ ሕፃኑ ሲጠነክር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ኩባያው ከፍ ሲል ወተቱ ይፈጥናል፤ ሕፃኑንም ሊያንቀው ይችላል። ይህኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ኩባያ የሚይዝ ረዳት ይፈልጋል። የትኛውም ቢመረጥ ቱቦው ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በሲሪንጅ ንጹሕ ውሃ ይለፍበት፤ ከሕፃኑ የተረፈ ወተትም ይደፋ። ሊጸዳ የማይችል መሣሪያ አይመረጥም። ከመጀመሩ በፊት እናቲቱ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ታድርግ፤ የሕፃኑም ክብደት በጤና ባለሙያ ይከታተል።

አሁን ወደ ሸሪዓው እንመለስ። በቱቦ የሚያልፈው የዱቄት ወተት ዝምድና አያመጣም፤ ዝምድና የሚያመጣው የሴቲቱ የራሷ ወተት ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 23 የጡት እናትንና የጡት እህትን ለጋብቻ ክልክል አድርጓል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አምስት የተለያዩ ጊዜያት መጥባቱ መረጋገጥ አለበት። ያለ ወሊድ የመጣ ወተትን በተመለከተ ኡለሞች ተለያይተዋል፤ አብዛኞቹ እናትነትን ያጸናል ብለዋል። የባልየው ጉዳይ ግን የራሱ ዝርዝር ስላለው ከመጀመራችሁ በፊት ዓሊም ጠይቁ። ዝምድናው ቢጸናም ልጁ በወለደው አባቱ ስም ይጠራል፤ ውርስም አይከተለውም።

ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር አንድ ደብተር ግዙ። የራሳችሁ ወተት መውጣት የጀመረበትን ቀን፣ ሕፃኑ የጠባበትን ጊዜና የምስክሮችን ስም ጻፉ። ቱቦው ይጣላል፤ ደብተሩ ግን ልጁ ለጋብቻ ሲደርስ ይጠየቃል። የየቲም አማና ሆዱን በማጥገብ ብቻ አይፈጸምም።

አላህ ሥራችሁን ይቀበላችሁ፤ በጀነት ከነቢያችን ጎረቤቶች ያድርጋችሁ። አሚን።