ላገለገለ ላፕቶፕ የቱ ይሻላል? አሮጌው ሲስተም ወይስ አዲሱ?

(በትምህርት ቤታችን የበዓል ሳምንት በሆጤ ለተማሪዎች፤ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)





የመረጥሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በሆጤም፤ በፒያሳም፤ በሸዋ በርም፤ ወደ ታች ወርደን በኮምቦልቻም ቢሆን ልጁን ለማስተማር ሲል ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ወላጅ ብዙ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ. ም. ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ስለ ተሰጠ፤ ይህ መሣሪያ የጌጥ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ታዲያ ዕቃው ከተገዛ በኋላ ባለሙያው «የትኛውን ልጫንላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኞቻችን የምንመልሰውን አናውቅም። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው።

በመጀመሪያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በቀድሞ ዘመን በትልቅ ቤት ውስጥ አዛዥ የሚባል ሰው ነበረ። እንግዳ ሲመጣ የሚያስገባና የሚመልስ፤ ዕቃውን በየቦታው የሚያኖር፤ ሥራውን ለየሠራተኛው የሚያከፋፍል እርሱ ነው። የኮምፒዩተር አዛዥ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። በአገራችን ይበልጥ የሚታወቀው ዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ የሚባልም አለ።

አሁን የራሴን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት እኅቴ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረችና የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጅበት ላፕቶፕ አስፈለጋት። እናታችን ዕቁብ ሲወጣላት ገንዘቡን ለሌላ ሳታውል ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛችላት። ፕሮሰሰሩ አራተኛ ጄኔሬሽን፤ ራሙም 4 ጊጋ ባይት ነበር። ሻጩ «ለአሮጌ ማሽን አሮጌ ዊንዶውስ ይቀለዋል» ብሎ ዊንዶውስ 7 ጫነበት። እውነቱን ለመናገር መሣሪያው ፈጣን ነበር፤ እኛም ሻጩን መርቀን ወደ ቤታችን ተመለስን።

ከሦስት ወር በኋላ እኅቴ ሁለት ምዕራፍ ጽፋ ለአማካሪዋ ለማሳየት፤ ጽሑፉን በፍላሽ ይዛ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ አሳተመች። በማግሥቱ ላፕቶፑን ስትከፍት ያስቀመጠችው ፋይል ሁሉ ስሙ ተለውጦ፤ አልከፈት ብሎ፤ በመካከሉም ገንዘብ የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀምጦ አገኘች። ቫይረሱ በፍላሹ ይግባ በኢንተርኔት እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሌላ ቅጂ አልነበራትም። የተረፈው የታተመው ወረቀትና ሰዎች በእጃቸው የሞሉት መጠይቅ ብቻ ነበር። እኅቴ አለቀሰች፤ እናቴም «አብሽሪ ልጄ፤ እጅሽ ደኅና ነው፤ እንደ ገና ትጽፊዋለሽ» አለቻት። እንደ ተባለውም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት እየተቀመጠች ከወረቀቱ ላይ ገለበጠችው።

እኔ በዚያ ጊዜ የሻጩ ቃል ግማሹ እውነት፤ ግማሹ ስሕተት መሆኑን ተረዳሁ። እውነቱ፤ ለአሮጌ ማሽን ቀላል ሲስተም ያስፈልገዋል ማለቱ ነው። ስሕተቱ ደግሞ ቀላልና አሮጌ አንድ ናቸው ብሎ ማሰቡ ነው። አሮጌ ሆኖ ከባድ የሆነ አለ፤ አዲስ ሆኖ ቀላል የሆነም አለ። ስለዚህ ልንጠይቀው የሚገባን «አሮጌ ነው ወይስ አዲስ?» ብለን ሳይሆን «አሁንም ጠባቂ አለውን?» ብለን ነው።

ጠባቂ ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ላብራራ። ማናቸውም ሲስተም ሲሠራ ያልታየ ቀዳዳ አይጠፋውም። ሌቦችም ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። የሠራው ድርጅት ቀዳዳው በታወቀ ቁጥር መድፈኛውን ይልካል፤ እኛ አፕዴት የምንለው ይህንኑ ነው። የተወሰነ ዘመን ካለፈ በኋላ ግን ድርጅቱ መድፈኛ መላኩን ያቆማል። ዊንዶውስ ኤክስ ፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ. ም.፤ ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ. ም.፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ. ም. ጠባቂ አጥተዋል። ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች፤ ለተመዘገቡት ብቻ፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ. ም. የሚደርስ ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷል። ከዚህም ሌላ ጉግል ክሮም በ2015 ዓ. ም. ለዊንዶውስ 7 አዲስ እትም ማውጣቱን ስላቆመ፤ ኢንተርኔት መክፈቻውም አብሮ አርጅቷል። እንግዲህ በእኅቴ ላፕቶፕ ላይ የተጫነው ሲስተም ዘበኛው ከሄደ ዓመታት ያለፉት ቤት ነበር።

ነገር ግን ጠባቂ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ በሩን ልንከፍትለትም ይገባል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ. ም. ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ላይ ተነሥቶ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች የኮምፒዩተር ፋይሎችን እየቈለፈ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኞችን ለመመለስ ተገደዱ። ከተጠቁት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የነበራቸው ሲሆኑ በዚያ ዘመን ዊንዶውስ 7 ገና ጠባቂ ነበረው። የቀዳዳው መድፈኛም መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ. ም.፤ ማለትም ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። የተጐዱት መድፈኛውን ያልተቀበሉት ናቸው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

«እንግዲያውስ ዊንዶውስ 11 እንጫን» የሚል ይኖራል። መልካም ነው፤ ማሽኑ ከቻለው። ዊንዶውስ 11 በመስከረም 2014 ዓ. ም. ሲወጣ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፤ 64 ጊጋ ባይት የማስቀመጫ ቦታ፤ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል፤ ኢንቴል ከሆነም በጠቅላላው ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር እንደሚጠይቅ ታውቋል። በገበያችን የሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ አራተኛ፤ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ጄኔሬሽን ናቸው። ደንቡን በዘዴ አልፈው የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገር ግን እንዲህ ለተጫነው አፕዴት ሳይቋረጥ እንደሚመጣ ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። በ4 ጊጋ ባይት ራም ላይም ዊንዶውስ 11 ዳገት እንደ ወጣ ሽማግሌ ያለከልካል።

በዚህ መካከል ነው የሊኑክስ ነገር የሚመጣው። ሊኑክስ በ1983 ዓ. ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ በሚባል የፊንላንድ ተማሪ ተጀምሮ፤ ዛሬ በብዙ ሺሕ ባለሙያዎች የሚሠራ ነው። ገንዘብ አይከፈልበትም፤ መገልበጡም ሕጋዊ ነው። አንድ ተማሪ አንድ ጊዜ ቢያወርደው ለክፍሉ ሁሉ በፍላሽ ሊያድለው ይችላል። ይህም ክራክ ከተደረገ ዊንዶውስ ይሻላል፤ ክራክ በተደረገው ውስጥ ማን ምን እንደ ከተተበት አይታወቅምና። ለአሮጌ ማሽን ከሚስማሙት አንዱ ሊኑክስ ሚንት ሲሆን በ2 ጊጋ ባይት ራም ይነሣል፤ በ4 ጊጋ ባይት ደኅና አድርጎ ይሠራል። 22ኛው እትም እስከ 2021 ዓ. ም. እንደሚጠበቅ አዘጋጆቹ አስታውቀዋል።

የኮምፒዩተር ክበባችን መምህር ለእኅቴ የመከሩት ይህንኑ ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ በምትኩ ኤስ ኤስ ዲ ገባ፤ 4 ጊጋ ባይት ራምም ተጨመረ። ከዚያም ሊኑክስ ሚንት ተጫነ። ነገር ግን ሁሉ አልጋ በአልጋ ሆነ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በሊብሬ ኦፊስ የጻፈችው በአማካሪዋ ዎርድ ሲከፈት አንዳንዱ ሠንጠረዥ ቦታውን ይለቅ ነበር። የለመደችው ፓወር ግዕዝም ለዊንዶውስ የተሠራ ስለ ሆነ በዚያ ላይ አልሄደም፤ ስለዚህ ኪማን በሚባለው ነፃ የአማርኛ መጻፊያ መጻፍ ተማረች። የስታቲስቲክሱን ሥራ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ክፍል ኮምፒዩተር ላይ ሄዳ ሠራች። ይህን ሁሉ ለመልመድ አንድ ወር ያህል ፈጀባት።

ስለ አማርኛ ጽሕፈት ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ቀድሞ አማርኛ በኮምፒዩተር ሲጻፍ ብዙው ፊደል የተቀመጠው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። በዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ይሆናል። በኋላ ግን ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቍጥር ሰጠው። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ፤ ማለትም ከ1999 ዓ. ም. ወዲህ፤ የራሱን የአማርኛ ፊደልና ኪቦርድ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በዩኒኮድ የተጻፈ በአሮጌውም በአዲሱም፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይነበባል።

ይህን ሐሳቤን የማይቀበሉ አንድ ሰው በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ እርሳቸውም አጎቴ ናቸው። አጎቴ በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ እስከ ዛሬ የሚሠሩት በዊንዶውስ ኤክስ ፒ ነው። ትናንት ይህን ንግግር ሳነብላቸው «አንቺ ልጅ፤ የሚሠራን ነገር ምን ያስነካሻል? የዐሥራ አምስት ዓመት የደንበኛ ጽሑፍ በዚያ በአሮጌው ፊደል ነው ያለኝ። ማተሚያዬም ከአዲሶቹ ጋር አይግባባም» አሉኝ። እኔም አስቤበት «አጎቴ፤ እውነትዎን ነው፤ የአንቱ ኮምፒዩተር ባለበት ይቆይ» አልኋቸው። ለአንድ ሥራ ብቻ የተመደበ፤ ከኢንተርኔት ጋር የማይገናኝ መሣሪያ በአሮጌው ሲስተም ቢቆይ ነውር የለውም። ይሁን እንጂ በከተማችን ቫይረስ በኢንተርኔት ብቻ አይሄድም፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ በእግሩ ይሄዳል። ኤክስ ፒ ደግሞ አንዳንዱን ፍላሽ ገና ሲሰካ በውስጡ ያለውን በራሱ የማስነሣት ጠባይ ነበረው። ስለዚህ አጎቴ የደንበኛን ፍላሽ አስቀድመው ጠባቂ ባለው በሌላ ኮምፒዩተር እንዲያስመረምሩና የጽሑፎቹን ቅጂ በሌላ ቦታ እንዲያኖሩ ለምኛቸዋለሁ። እርሳቸውም «እስቲ እናያለን» ብለዋል።

«አፕዴት ዳታ ይበላል» የሚል ክርክርም አለ፤ እውነት ነው። የአንድ ሳምንት ጥቅል በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። መድኃኒቱ ግን አፕዴቱን መዝጋት አይደለም፤ ዋይፋይ በሚገኝበት ቦታ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ማድረግ ነው።

አሁን የተናገርሁትን በአጭሩ ላጠቃልል።

አንደኛ፤ ገንዘብ ሳትከፍሉ የፕሮሰሰሩን ጄኔሬሽን፤ ራሙንና ዲስኩን ጠይቁ። ስምንተኛና ከዚያ በላይ ከሆነ፤ ራሙም 8 ጊጋ ባይት ከሆነ ዊንዶውስ 11 ይስማማዋል።

ሁለተኛ፤ ከዚያ በታች ከሆነ የቀረውን ገንዘብ ለኤስ ኤስ ዲና ለራም አውሉት፤ ቀላል ሊኑክስም አስጭኑበት። ከመጫኑ በፊት ከፍላሽ አስነሥታችሁ ዋይፋዩ፤ ድምፁና ኪቦርዱ መሥራታቸውን መሞከር ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፤ ለሥራችሁ ዊንዶውስ ብቻ የሚቀበል መርሐ ግብር የግድ የሚያስፈልጋችሁ እንደ ሆነ ይህን ሳትገዙ አስቡበት፤ ከገዛችሁ በኋላ ማሰብ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

አራተኛ፤ የትኛውንም ብትመርጡ የጻፋችሁትን በሁለት ቦታ አኑሩ። ምንም ጠባቂ ቢኖር ላፕቶፕ ይወድቃል፤ ይሰረቃል፤ ይቃጠላልም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ለልጃችሁ ላፕቶፕ ስትገዙ ከሻጩ ጋር የምትከራከሩት በዋጋው ብቻ አይሁን፤ «ይህ ሲስተም እስከ መቼ ይጠበቃል?» ብላችሁም ጠይቁ። ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛም ወላጆቻችን ይህን ሁሉ ያውቁታል ብለን አንጠብቅ፤ የመጠየቁ ሥራ የኛ ነው።

እኅቴ ጽሑፏን ጨርሳ ተመርቃለች። ላፕቶፑም ለእኔ ተላልፎልኝ ይህንን ንግግር የጻፍሁት በእርሱ ነው፤ አንድ ቅጂም በፍላሽ በእናቴ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።